ከክሮስዴል መጽሐፍ የተቆረጠው ገጽ

ሽማግሌው እንግሊዛዊ የተገኘው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ በፍራንክፈርት ጻይልስሃይም ሰፈር የሕዝብ አዳራሽ፣ ከደረጃው ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «አዳልጦት ወደቀ» ተብሎ በአንድ ገጽ ፕሮቶኮል በተዘጋ ነበር። ግን ዓይኖቹ ተከድነዋል። እግሮቹ ተገጣጥመዋል። ከራሱ ሥር ደግሞ የገዛ ኮቱ በሥርዓት ታጥፎ ገብቷል። ከደረጃ የወደቀ ሰው ለራሱ ትራስ አያነጥፍም።

ኮሚሳር ገናናው ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ።

«የገደለው ሰው አዝኖለታል» አለ በመጨረሻ።

«ወይም ያውቀዋል» አለች ባልደረባው ኬለር። ኬለር ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ለሐዘን ጊዜ የላትም፤ ለማስታወሻ ደብተር ግን አላት።

ገናናው አርባ ስምንት ሞልቶታል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ከአዲስ አበባ ፖሊስ ለሥልጠና ወደ ጀርመን ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበር። ሥልጠናው ሳያልቅ መንግሥቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ውስጥ በአንድ የፖም ወይን ቤት ጓዳ ለዓመታት ሳህን አጠበ፤ ዜግነት ሲያገኝ ደግሞ የሔሰን ግዛትን ፖሊስ ደንብ ልብስ ለበሰ። የአገሩ ሰዎች «ፖሊሱ» ይሉታል። እሱ ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ ስለዚህ ለሠርግም ለለቅሶም የሚጠራው የለም። ለምጄዋለሁ ይላል። ውሸቱን ነው።

የሟቹ ስም አርተር ፔንደል ነው፤ ዕድሜው ሰባ አንድ፤ በሰሜን እንግሊዝ ክሮስዴል የምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ጡረተኛ ሸማኔ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የከተማውን ታሪክ ሲጽፍ ኖሯል። የጻይልስሃይም የታሪክ ማኅበር ጋብዞት በፎቶና በጽሑፍ የተሞሉ ሃያ አራት ሰሌዳዎች ይዞ መጣ፤ ኤግዚቢሽኑ በዚያው ረቡዕ ማታ ሊከፈት ነበር። ግድግዳው ላይ ግን ሃያ ሦስት ብቻ ቀርተዋል። ከጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስት የመጽሐፉ ቅጂዎችም አንድ አንድ ቅጠል ጎድሏቸዋል፤ ከሦስቱም ያው ቅጠል ነው፣ በምላጭ ከሥሩ የተቆረጠ። ሌላው ገጽ አልተነካም።

«አንድ ቅጠል የሚሰርቅ ሌባ አጋጥሞህ ያውቃል?» አለች ኬለር።

«አያውቅም» አለ ገናናው።

*

የታሪክ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄር ሮት ጉንጩን በእጁ ደግፎ ተቀመጠ። ትላንት ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከሟቹ ጋር እንደተጨቃጨቀ አዳራሹን ሲያሰናዱ የነበሩት ሁሉ ሰምተዋል።

«በምን ነበር የተጣላችሁት?»

«በጠፋው ሰሌዳ ነዋ። የሙታን ዝርዝር ነው። ከፋብሪካዎቹ መከፈት ጀምሮ እዚያ ሥራ ላይ የሞተውን ሁሉ በስም ጽፎታል። መግቢያው ላይ አትስቀለው አልኩት። ሰው ኬክ ሊበላ ነው የሚመጣው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እነሱም በመግቢያው ነው የገቡት አለኝ።»

«እነማን እንደሆኑ አንብበዋል?»

ሮት አፈረ። «ስድሳ ሦስት ስም ነው። አላነበብኩትም።»

ኬለር ዓይኗን ከሰውየው ላይ አልነቀለችም። ሰሌዳው እንዲነሳ የፈለገ ሰው ይኸው፤ ሟቹን የሚያውቅ ሰው ይኸው። ሐኪሙ ግን አርተር የሞተው ማክሰኞ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው አለ። በዚያ ሰዓት ሄር ሮት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሐኪሙም ረዳቷም መሰከሩ፤ የተነቀለው ጥርስም ምስክር ነው።

ኬለር ቀጥላ አዳራሹ ግድግዳ ላይ «ውጭ አገር ሰው ይውጣ» ብለው የጻፉትን ሁለት ጎረምሶች ተከተለች። ጊዜው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከግድግዳ ወደ ቤት ማቃጠል የሚያልፍበት ጊዜ ስለነበር መጠርጠሯ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎረምሶቹ ግን ከሳምንት ጀምሮ በሌላ ጉዳይ ታስረዋል።

«የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ማን ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር ገናናው ሮትን።

«እኔ። የጽዳት ሠራተኛዋ፤ እሷ እረፍት ላይ ናት። እና እሁድ እሁድ ታችኛውን ክፍል የሚጠቀሙ ማኅበሮች፤ መዘምራኑ፣ ፖርቱጋሎቹ...» ሮት ትንሽ አመነታ። «የእናንተም ሰዎች።»

*

የኢትዮጵያውያኑን ማኅበር ቁልፍ የሚይዙት አቶ ተክለ ማርያም ናቸው። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እዚያው ጻይልስሃይም ይኖራሉ፤ በአንድ ፋብሪካ በጠዋት ፈረቃ፣ «ሺሽት» በሚሉት፣ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። በሩን ከፍተው ገናናውን ሲያዩ አልደነገጡም። ያ ገናናውን ከነከነው፤ ፖሊስ በር ላይ አይቶ የማይደነግጥ የአገሩን ሰው ብዙም አያውቅም።

«ጋሽ ተክለ ማርያም፣ ትላንት ዐሥር ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ጋሉስ ሰፈር። እኅቴ ዘንድ። ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ፤ ልቧን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነው።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ጎረቤቷ ኣምና። ደውልላት።»

የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ሰጡት፤ ጻፈው። ኣምና የኤርትራ ሰው ናት፤ በስልክ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። «አዎ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እዚህ ነበሩ። ምሳ አብረን በላን። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልተንቀሳቀሱም» አለች። ገናናው አመነ።

በዚያ ምሽት የሟቹን የሆቴል ክፍል ፈተሸ። አንድ ሻንጣና አንድ የጸሎት መጽሐፍ አገኘ፤ አራተኛ የመጽሐፉ ቅጂ ይኖር እንደሆን ፈለገ፤ የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ገጽ ከተቆረጠባቸው ቅጂዎች አንዱን በመዝገበ ቃላት እየታገለ አነበበ። ክሮስዴል አንድ ዘመን አርባ አንድ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነበራት። ጥጡ በቦይ በጀልባ ይገባል፤ ጨርቁ በባቡር ይወጣል፤ ከፊሉ በኤደን ወደብ በኩል አልፎ እስከ ምጽዋ ይደርስ ነበር። ገናናው እዚህ ላይ ቆመ፤ እናቱ አቡጀዲ ስትቀድ የሚሰማው ድምፅ ትዝ አለው። ከዚያ ስለ ልጆቹ አነበበ፤ ትንንሾች ስለሆኑ ከሚሽከረከረው መኪና ሥር ገብተው ብናኝ እንዲጠርጉ ይደረጉ ነበር። የመጀመሪያዋ ሟች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ የአርተር ታላቅ እኅት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ። ዝርዝሩ በሚቀጥለው ገጽ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ገጽ ግን የለም።

ከጸሎት መጽሐፉ ሥር አንድ ካርታ አገኘ። የሽትራሰንባን፣ የከተማው ባቡር፣ መስመር ካርታ ነው፤ ጋሉስ ላይ አንድ ፌርማታ በእርሳስ ተከቦ አጠገቡ የቤት ቁጥር ተጽፏል። ስም የለውም። ገናናው ቁጥሩን ያውቀዋል። በዚያው ቀን በገዛ እጁ ደብተሩ ላይ ጽፎታል፤ የተክለ ማርያም እኅት ቤት ነው።

*

ወይዘሮ ሸዋረጋ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ወንበር ተደግፈው ነው የተነሱለት። ግንቦት ነው፣ ውጭው ሞቋል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። በሽተኛ ይበርዳታል። ከአጠገባቸው ሁለት ሴቶች፣ ገላነሽ የምትባል የማኅበሩ ጸሐፊና አንዲት ሌላ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ኣምና ከጓዳው በር ቆማ ሰሃን ታብሳለች።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«ገናናው እባላለሁ፣ እትዬ። ከፖሊስ ነኝ፤ ለክፉ አይደለም የመጣሁት። ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ተመስገን። ስድስት ሳምንት አትቆጪ፣ አትደንግጪ ብለውኛል። ቅዳሜ ይሞላል። ቅዳሜ የሐኪም ቴርሚኔ፣ ቀጠሮዬ፣ እንዳይመስልህ፤ ነጻ የምወጣበት ቀን ነው።» ሳቁ።

ሴቶቹ አልሳቁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ እንግሊዛዊ እዚህ ይመጣል ብሎ የነገረዎት ሰው አለ?»

የሸዋረጋ ፊት በራ። «ከእንግሊዝ? ከልጄ ነዋ! ልጄ ፋሲካ እዚያ ነው፤ ፋብሪካ ይሠራል። እኔ ዘንድ አይደውልም፤ ድምፄን ከሰማ ያለቅሳል። ለወንድሜ ነው በሥራ ቦታው የሚደውልለት። ሰውየው ምን ይዞ መጣ? ደብዳቤ ይዟል?»

ከሁለቱ ሴቶች አንዷም ቀና አላለችም። ሁለቱም ጉልበታቸውን ያያሉ።

«ሊመጣ ነበር። አልመጣም» አለ ገናናው።

«ወንድሜም እኮ ማክሰኞ ቀረ። ማክሰኞ ቀርቶ አያውቅም።»

«መጥተው ነበር፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነው» አለች ኣምና ከበሩ።

«ኧረ እኔ ማክሰኞ ዓይኔን አልከደንኩም። መስኮቱ ላይ ሆኜ ስጠብቀው አይደል የዋልኩት?»

ገናናው ወደ ገላነሽ ዞረ። ላብ ከጆሮ ግንዷ ወደ አንገቷ ይወርዳል።

«ሙቀቱ ከባድ ነው። ካፖርቱን አያወልቁም?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል» አለችና ኮሌታዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

በዚህ ጊዜ ነው ከካፖርቷ ጠርዝ በታች የቀሚሷን ጫፍ ያየው። ጥቁር ነው። የሁለተኛዋም ጥቁር ነው።

ተሰናብቶ ወጣ። ደረጃውን ግማሽ ወርዶ እዚያው ተቀመጠ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሴቶቹ ከጸሎት ነው የመጡት፤ የሰው መንፈቅ አስበው፣ ቤት ሄደው ለመለወጥ ሳይደርስላቸው፣ ሸዋረጋን በዚህ ቀን ብቻቸውን ላለመተው ሐዘናቸውን በካፖርት ቆልፈው መጥተዋል። ልጁ ሞቷል። ስድስት ወር ሆኖታል። እናቱ ብቻ አልተረዱም።

ገናናው አባቱ መሞቱን የሰማው በሳህን ማጠቢያው ጓዳ ነው። አንድ የሚያውቀው ልጅ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «አባትህ እኮ ሞቱ፣ አልሰማህም እንዴ?» አለው። እርጥብ ሳህን ይዞ ነበር። ሺሽቱ ስላላለቀ ማጠቡን ቀጠለ። ያን ቀን ያላለቀሰውን ልቅሶ እስከ ዛሬ አላለቀሰውም። ስለዚህ እነዚህን ሴቶች ሊቆጣቸው አልቻለም። እንዲያውም ቀናባቸው፤ በሸዋረጋም ቀና።

ኣምና ከላይ ተከትላው ወረደች። «ሓወይ፣ በአላህ ይዤሃለሁ» አለችው በሹክሹክታ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔን እሰረኝ። ቅዳሜን ብቻ አሳልፍልን።»

*

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው በፋክስ ነው የጠራው። ዓርብ ጠዋት የክሮስዴል ቤተ መጻሕፍት የጎደለውን ገጽ ላከ። ከዝርዝሩ መጨረሻ ስድሳ ሦስተኛው ስም ፋሲካ ሳህሌ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ ፎቶውም አለ። የመጨረሻው ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ ሕንጻው ፍራሽ ለሚሠሩ ሰዎች ተከራይቶ ነበር፤ ኅዳር ላይ ተቃጠለ።

ኬለር ከቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ጋር በስልክ ተነጋግራለች። «ሬሳውን የጠየቀ ዘመድ አልነበረም» አለች ከደብተሯ እያነበበች። «አርተር ፔንደልና አራት ሽማግሌ ሸማኔዎች ተሸክመው ቀበሩት። ጸሎቱን ያነበበው አርተር ነው። ከልጁ ዕቃ ውስጥ አንድ ፖስታ አገኘ፣ የእናትየው አድራሻ ያለበት። ጻፍላት ሲሉት፣ ይህ በፖስታ የሚላክ ነገር አይደለም አላቸው። ከፍራንክፈርት ግብዣው ሲመጣለት እግዜር ነው ያመጣው ብሎ አለቀሰ።» ደብተሯን ዘጋች። «አልገባኝም። ለምን ይደብቁታል? ሊያመሰግኑት አይገባም ነበር?»

ገናናው መርዶ ምን እንደሆነ በጀርመንኛ ሊያስረዳት ሞከረ። በማለዳ ነው የሚነገረው አለ፤ ብዙ ሆኖ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ የምትወድቅበት ክንድ ተዘጋጅቶ። በቀትር አንድ ሰው መጥቶ በር ላይ አይጥለውም። ልቧ ከመጀመሪያውም ታሞ የነበረ፣ አሁን ደግሞ የተቀደደ ሴት እስክትድን ትቆያለች።

«ስድስት ወር ዋሻችኋት?»

«ጠበቅናት» አለ ገናናው። «ጠበቅናት» ማለቱ ራሱን አስገረመው።

*

ተክለ ማርያምን ከሺሽት ሲወጡ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አገኛቸው። አግዳሚው ላይ አብረው ተቀመጡ። ኬለር ከመኪናው ሳትወርድ ቀረች።

«ካፖርቱን አየሁት፣ ጋሽ ተክለ ማርያም» አለ ገናናው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲጠብቁት የኖሩት ሰው የመጣ ይመስል።

«መሞቱን ኅዳር ላይ በስልክ ሰምቼ ነበር፤ ፎቶውን ያየሁት ግን እሁድ ነው። ከማኅበር ስንወጣ የእኅቴ ልጅ ከግድግዳ ላይ ይስቅብኛል። ረቡዕ ይከፈታል አሉ፤ ጋዜጣ ይመጣል አሉ። እኛ ደግሞ ለቅዳሜ ማለዳ ቀጠሮ ይዘናል። አራት ቀን ብቻ፣ ልጄ። አራት ቀን ልሰውረው ብዬ ነው ምላጭ ይዤ የገባሁት።»

«እሱ መጣብዎት።»

«አልጮኸብኝም። ፎቶውን ሳነሳ አይቶ ፊቱ በራ፤ ዘመድ መሆኔን አወቀ መሰለኝ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ የእኅቴ አድራሻ ነው። ፎቶውን ነካ፣ ወረቀቱን ነካ፣ ልቡን ነካ። ከዚያ እጁን አጥፎ በአየር ላይ እንዲህ፣ እንዲህ አንኳኳ። ‘ሞርገን? ነገ?’ አልኩት። አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እንግሊዝኛ የለኝ፣ እሱ ጀርመንኛ የለው። በቀትር ብቻዋን በሩን ስትከፍትለት ታየኝ። ‘ናይን፣ አይሆንም’ አልኩት፤ በአማርኛ ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ወረቀቱን ነጠቅሁት። ሰሌዳውን ስይዝ ግን አቀፈው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን፤ እሱ ሞኝ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ሞኙ። ጎተትኩ። እጄን ላብ አልቦት አዳለጠኝ። ደረጃው ከኋላው ነበር፤ እሱ እንዳቀፈው ወደ ኋላ ሄደ።»

አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ማንም አልወረደም፤ ሄደ።

«ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ የለም። ዓይኑን ከደንኩለት። ሰው ልጠራ አስቤ ነበር። ያኔ ቅዳሜ ማን ያረዳታል አልኩ። ከእኔ ሌላ ወንድም የላትም። ቅዳሜ ከረፈደ በኋላ ራሴ እመጣ ነበር፤ ካላመንከኝ አትመን።»

ገናናው አመናቸው። ቀጥሎ የሚናገረውን ባይናገር ደስ ባለው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለገም። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ፋሲካን ማን ተሸክሞ እንደቀበረው፣ ለምን እንደመጣ አንድ በአንድ ነገራቸው። ተክለ ማርያም እጃቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ ፊት አጎነበሱ፤ ገናናው ትከሻቸውን ባይዝ ኖሮ መሬት በደረሱ ነበር።

ወደ መኪናው ሲመለስ ኬለር ሁሉንም ከፊቱ አነበበችው። ሕጉን ታውቃለች። እሱም ያውቃል።

«ዛሬ ከያዝናቸው ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል» አላት።

ኬለር መኪናውን አስነሳች። «እኔ ነገ ሥራ የምገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው» አለች። «ከዚያ በፊት የሰማሁት ነገር የለም።»

*

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋሉስ ውስጥ ከአንድ ቤት ፊት ለፊት ሰላሳ የሚሆኑ ሰዎች ቆሙ። ካህኑ አሉ፤ ገላነሽ አለች፣ ዛሬ ካፖርት አልለበሰችም። ኣምና የልብ መድኃኒቱንና ውሃ ይዛለች። ገናናው ከመንገዱ ማዶ ለመቆም አስቦ ነበር፤ ተክለ ማርያም ግን እጁን ይዘው ሳቡት። «ባዕድ አትሁን» አሉት። በጀርመን በኖረበት ሃያ ሦስት ዓመት ለቅሶ ሲጠሩት የመጀመሪያው ነው።

ሸዋረጋ በሩን ከፍተው ወንድማቸውን፣ ካህኑን፣ ደረጃውን የሞላውን ጥቁር ልብስ አዩ። ማንም ምንም ሳይል እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ።

«ማነው?» አሉ። «ማነው፣ ተክሌ?»

«ፋሲካ ነው፣ እኅቴ።»

ያኔ የተሰማውን ጩኸት ገናናው ለማንም አይናገርም። ሴቶቹ ያዟቸው፤ አልወደቁም። ክንዶቹ ሁሉ ተዘጋጅተው ነበር። ገናናው ለልጁም፣ ለአባቱም፣ ለሽማግሌው ሸማኔም አንድ ላይ አለቀሰ፤ አጠገቡ የቆመው የማያውቀው ሰው ትከሻውን ሰጠው።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሸዋረጋ ትንሽ ረገብ አሉ። መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንደደረሰበት፣ መቼ እንደሆነ ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ቀጥለው፣ «ማን ቀበረው?» አሉ።

 ተክለ ማርያም ከፊታቸው ተንበረከኩ።

«አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተሸክሞ ቀበረው። ጸሎት አነበበለት። ሊነግርሽ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር።»

«የታለ? አምጡልኝ፣ እግሩን ልሳመው።»

«ሞቷል፣ እኅቴ። በእኔ እጅ ነው የሞተው። እንዳይነግርሽ ብዬ።»

ሰዉ ሁሉ ሰማ። ሸዋረጋ ወንድማቸውን አዩዋቸው። ይቅር አላሏቸውም፤ አልረገሟቸውምም። ቀስ ብለው ወደ ገናናው ዞሩ።

«ልጅ አለው?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ እትዬ።»

«ማን አረዳት?»

«በስልክ ነው። እኔ ነኝ የደወልኩላት።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«አላውቅም። አልጠየቅኋትም።»

ሸዋረጋ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሱ፤ ሴቶቹ ሊያስቀምጧቸው ቢሞክሩም አልቻሉም። «ስሙን ንገሩኝ» አሉ። ተክለ ማርያም አንገታቸውን ደፉ፤ የገደሉትን ሰው ስም አልጠየቁም ነበር። ገናናው ነገራቸው። አንዴ በአፋቸው ሞከሩት፤ ከበዳቸው፤ ደግመው ሞከሩት። ከዚያ መሐል ወለሉ ላይ ቆመው የልጃቸውንና የአርተርን ስም እያፈራረቁ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው።